ጥርስን የሚበላው ማን ነው?

በጭሮም ሆነ በሂርና፣ በገለምሶም ሆነ በበዴሳ፣ የጥርስ ሕመም ሲነሳ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወቀሰው ትል ነው። «ጥርሱን ትል በላው» ይባላል፤ ትሉን በጭስ አወጣለሁ የሚል የባህል ሐኪምም አይጠፋም። ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ደግሞ በትሉ ፈንታ ባክቴሪያ የሚል ስም ሰምቶ ይመለሳል። የኋለኛው ስም ከፊተኛው እጅግ የተሻለ ነው፤ ትሉ የለም፣ ባክቴሪያው ግን አለ። ሆኖም በብዙዎቻችን አእምሮ ውስጥ የፍርዱ አካሄድ እንደነበረ ቀጥሏል፦ አንድ ትንሽ ጠላት ገብቷል፣ ጥፋቱ ከባሕርዩ የመጣ ነው፣ መዳኛውም እርሱን ነቅሎ ማውጣት ወይም መግደል ነው። ይህ ፍርድ ከጥርስ አልፎ ሃይማኖትና ፍልስፍና ለዘመናት የተከራከሩበትን ጥያቄ ይነካል። ክፋት የት ነው የሚኖረው? በአንድ ፍጡር ባሕርይ ውስጥ ተተክሎ ያለ ነገር ነው ወይስ በፍጡራን መካከል ያለው ሥርዓት ሲዛባ የሚከሰት ጉድለት? የእኔ መልስ ሁለተኛው ነው። ለዚህም ምስክር አድርጌ የማቀርበው በአፋችን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች እድገታቸውንና አመጋገባቸውን የሚመሩባቸውን የመልእክት ሞለኪውሎች ነው።

እነዚህ ነዋሪዎች እንግዳ አይደሉም። ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ እ.ኤ.አ. በ1683 በጥርሱ መካከል ያገኘውን ነጭ ቆሻሻ ራሱ በሠራው ማጉያ መነጽር ተመልክቶ፣ በውስጡ ጥቃቅን ሕያዋን እንደሚርመሰመሱ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጻፈ። ዛሬ በሰው አፍ እንደሚኖሩ የታወቁት የባክቴሪያ ዝርያዎች ከ700 ይበልጣሉ። ጥርስን በማበስበስ ስሙ ከሁሉ ይልቅ የሚነሳው ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስ ነው፤ ይህን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1924 ከተበላሹ ጥርሶች ለይቶ አውጥቶ ስም የሰጠው ኪሊያን ክላርክ ነበር። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ወንጀለኛው ተገኘ ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን ይኸው ባክቴሪያ ጥርሳቸው ደህና በሆነ ሰዎች አፍ ውስጥም ይገኛል፤ እርሱ እምብዛም በሌለበት አፍም ጥርስ ሲበሰብስ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት በጥንታዊ አውሮፓውያን ጥርስ ላይ ደንድኖ የቀረውን ቆሻሻ ዲኤንኤ መርምሮ፣ ጥርስ አበስባሽ ባክቴሪያዎች የበላይነት የያዙት ፋብሪካ ያመረተው ዱቄትና ስኳር በገበታ ላይ ከተስፋፋ በኋላ መሆኑን አሳየ። በእኛም አገር የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጭሮ የሚወስደው መንገድም በመተሐራ የሸንኮራ እርሻ አካባቢ ነው የሚያልፈው። ባክቴሪያው ከፋብሪካዎቹ እጅግ ቀድሞ በአፋችን ነበር። የተለወጠው የሚኖርበት ሁኔታ ነው፤ እርሱም ሁኔታውን በኬሚካዊ መልእክት እየተረዳ አኗኗሩን ይለውጣል።

መልእክቱ የሚሠራው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ባክቴሪያ ትናንሽ ሞለኪውሎችን ሠርቶ ወደ ውጭ ይለቃል። ባክቴሪያዎቹ ጥቂት ሲሆኑ ሞለኪውሉ በምራቅ ታጥቦ ይጠፋል፤ ብዙ ሆነው ተጠጋግተው ሲኖሩ ግን ይጠራቀማል። መጠኑ ከአንድ ወሰን ሲያልፍ በባክቴሪያዎቹ ገጽ ላይ ካለ ተቀባይ ጋር ይገጥማል፤ ያን ጊዜ ተኝተው የነበሩ ጂኖች ይነሣሉ፣ ሲሠሩ የነበሩም ያርፋሉ። አሌክሳንደር ቶማሽ እ.ኤ.አ. በ1965 የሳንባ ምች በሚያመጣው ባክቴሪያ ላይ፣ ሌሎች ተመራማሪዎችም በ1970 በባሕር ውስጥ በሚያበራ ባክቴሪያ ላይ ይህን አሠራር ገለጡ፤ በ1994 ደግሞ ሊቃውንት ከምልዓተ ጉባኤ የተወሰደ ስም ሰጡት። በምዕራብ ሐረርጌ ኦዳ ቡልቱም ያለውን የገዳ ሥርዓት ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ በዚያ በኦዳው ዛፍ ሥር ሕግ የሚወጣው በአንድ ሰው ቃል ሳይሆን በተሰበሰበ ጉባኤ ነው። ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስ ለዚህ የሚጠቀምበት መልእክት ከ21 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ፔፕታይድ ሲሆን፣ ከጫፉ ሦስቱ ተቆርጠው 18 ሲቀሩ ኃይሉ ይበረታል። መልእክቱ ሲደርስ ባክቴሪያው ጎረቤቶቹን የሚገድል ንጥረ ነገር ያመርታል፣ ከሙታኑ የተበተነውን ዲኤንኤም ይወስዳል፣ በጥርስ ላይ የሚጋግረውን ሽፋንም ያደራጃል። መልእክቱ እጅግ ሲበዛ ደግሞ እድገቱ ይቆማል፤ ከራሱ ወገን ከፊሉም ፈንድቶ ይሞታል። አንዱ ሞለኪውል እንደ መጠኑ ማደግንም መቆምንም ያዝዛል ማለት ነው።

አመጋገቡም እንዲሁ በመልእክት ይመራል። ማይክል ካሼልና ጆናታን ጋላንት እ.ኤ.አ. በ1969 በሌላ ባክቴሪያ ላይ ያገኙት አንድ ሞለኪውል አለ፤ አሚኖ አሲድ ሲያጥር በሴሉ ውስጥ ይበዛል፣ አዲስ ፕሮቲን መሥራትንም ይገታል፣ ባክቴሪያውም እድገቱን ቀንሶ ክፉውን ቀን ያሳልፋል። ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስም ይኸው ሞለኪውል አለው። ስኳር ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ባክቴሪያው ሌላ ምግብ የሚፈጭበትን መሣሪያ አጥፎ ስኳሩን በፍጥነት ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጣል፣ ከተራው ስኳርም ከጥርስ ጋር የሚያጣብቀውን ሙጫ ይሠራል። በዝርያዎች መካከል ያለው ንግግር ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስደንቃል። ቬዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ስኳር መብላት አይችልም፤ የሚኖረው ሌሎች በጣሉት ላክቲክ አሲድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ቬዮኔላ በስትሬፕቶኮከስ ጎርዶኒ አጠገብ ሲኖር የሚለቀው መልእክት ጎርዶኒ ስታርች የሚፈጭበትን ጂን ያስነሣል፤ የተራበው ጎረቤት ምግቡን የሚያዘጋጅለትን ያነቃቃል። መልእክቱ ከእኛም ይሄዳል። ኮርንማንና ሎሽ እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳሳዩት፣ በእርግዝና ጊዜ የሚጨምሩት ኤስትራዲዮልና ፕሮጄስትሮን የተባሉ ሆርሞኖች ዛሬ ፕሬቮቴላ ኢንተርሚዲያ ለሚባለው የድድ ባክቴሪያ በቫይታሚን ኬ ፈንታ ያገለግሉታል፤ የነፍሰ ጡር ሴት ድድ በቀላሉ የሚደማበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የእናት አካል ለልጇ የሚያዘጋጀውን መልእክት በድዷ ውስጥ ያለው ፍጡርም ይቀበለዋል።

እንግዲህ ጥርስ የሚጎዳው መቼ ነው? ሮበርት ስቴፋን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአፍ ውስጥ ያለውን አሲድ በመለካት መልሱን አሳይቷል። ስኳር አፍ ውስጥ በገባ በጥቂት ደቂቃዎች ፒኤች የሚባለው ልክ ከ5.5 በታች ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የጥርስ ማዕድን መሟሟት ይጀምራል። ሌላ ስኳር ካልተጨመረ ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ምራቅ አሲዱን መልሶ ያስተካክላል፣ ማዕድኑንም ወደ ጥርሱ ይመልሳል። በዚህ ሥራ ራሳቸው ባክቴሪያዎችም ያግዙታል፤ ጎርዶኒና ወንድሙ ሳንጉዊኒስ አርጂኒን ከተባለው አሚኖ አሲድ አሞኒያ እያመረቱ አሲዱን ይሰብራሉ። ስለዚህ ወሳኙ የስኳሩ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ፋታ ማጣቱ ነው። በስዊድን ቪፔሆልም በተባለ የአእምሮ ሕሙማን ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ የተካሄደው ምርመራ ይህን በግልጽ አረጋግጧል፤ በምግብ መካከል የሚያጣብቅ ከረሜላ የተሰጣቸው ሰዎች ጥርስ ከሌሎቹ እጅግ በከፋ ሁኔታ ተበላሽቷል። ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ በሕሙማን ላይ የተፈጸመ በደል ስለነበር እውቀቱን ስንጠቀም በደሉን አብረን ማስታወስ ይገባናል። በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች የበርጫ ሰዓት ይህን እውነት ያጎላዋል። ጫቱ መራራ ስለሆነ በስኳር፣ በጣፋጭ ሻይና በለስላሳ መጠጥ ይታጀባል፤ ጫት አፍን ስለሚያደርቅ ምራቅ ይቀንሳል፤ ቅሚያው ደግሞ ለሰዓታት ይዘልቃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አሲዱ ለመስተካከል ፋታ አያገኝም። አሲድ የማይችሉት ዝርያዎች ይጠፋሉ፣ የሚችሉት ይበዛሉ፣ የበዙት በመልእክታቸው ሥርዓቱን ይይዛሉ። ፊሊፕ ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1994 የጥርስ መበስበስን የወራሪ ሥራ ሳይሆን የኑሮ ሚዛን መዛባት ብሎ ያስረዳው ይህን ይዞ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ስለ ክፋት ምን ማለት ይቻላል? ያው ፍጡር፣ ያው ጂን፣ ያው ሞለኪውል በአንድ ሁኔታ የጥርስ ሽፋን ጸጥተኛ አባል ነው፤ በሌላው አጥፊ ይሆናል። ክፋቱ ባሕርዩ ቢሆን ኖሮ በሄደበት ሁሉ ይከተለው ነበር። የምናየው ግን ጥፋት ሥርዓት በጎደለበት ቦታ እንደሚገለጥ ነው። ይህ ደግሞ በሃይማኖት አስተምህሮ ውስጥ የቆየ ሐሳብ ነው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ እግዚአብሔር የክፋት ምንጭ እንዳልሆነ ባስተማረበት ድርሳኑ፣ ክፋት ራሱን የቻለ ህላዌ የለውም፣ የበጎ ነገር መጉደል ነው ብሎ ተከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ1037 ያረፈው ሙስሊሙ ፈላስፋና ሐኪም ኢብን ሲናም ክፋትን በራሱ የቆመ ነገር ሳይሆን ሊኖር የሚገባው ፍጹምነት መታጣት አድርጎ ገልጾታል። ሁለቱም የአፍን ባክቴሪያ አላዩም፤ ሐሳባቸውን ያገኙትም ከማጉያ መነጽር አይደለም። ግን ፍጡርን ከመርገም በፊት ሥርዓቱን መርምሩ የሚለው መንገዳቸው ዛሬ በጥርስ ላይ ካየነው ጋር ይስማማል። የጭሮ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች ከየራሳቸው ትምህርት ተነሥተው እዚህ ቦታ ላይ መገናኘት ይችላሉ።

ጥያቄው የመጽሐፍ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምኩበት። ክፋትን በአንድ ነገር ውስጥ ማስቀመጥ በሕፃናት አፍ ላይ ቁስል ትቶ ያልፋል። በአገራችን ብዙ አካባቢ ሕፃን ሲያተኩሰው ወይም ሲያስቀምጠው ምክንያቱ ድዱ ውስጥ ያለው ግግ ነው ተብሎ፣ ገና ያልበቀለው የክራንቻ እምቡጥ በስለት ተፈልፍሎ ይወጣል። የወጣው ነገር ነጭና ለስላሳ ስለሆነ ትል መስሎ ይታያል፤ ወላጆችም ክፉው ነገር በዓይናቸው ፊት ስለወጣ ይረጋጋሉ። በእርግጥ የወጣው የልጁ ጥርስ ነው። ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ይከተላል፣ ቋሚው ጥርስም ሊበላሽ ይችላል፤ ተቅማጡ ግን በድዱ ስላልመጣ አይቆምም፣ ልጁም ፈሳሽና ሕክምና የሚያገኝበት ሰዓት ያልፋል። እነዚህ ወላጆች ጨካኞች አይደሉም፤ ልጃቸውን ለማዳን የተጣደፉ ናቸው። የሳቱት ክፉው ነገር ተይዞ የሚወጣ ዕቃ ነው ብለው ማመናቸው ነው። ስለዚህ ክፋት ጉድለት ነው ወይስ ነገር ነው የሚለው ጥያቄ ለምሁራን ብቻ የሚተው አይደለም።

በዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። በእርግጥ ጎጂ የሆኑ ፍጡራን አሉ፤ ኮሌራ በገባበት ቀበሌ ስለ ሚዛን መናገር ለሟቹ ምን ይጠቅመዋል? በታመመ ድድ ውስጥ የሚገኘው ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ በባሕርዩ አጥፊ አይደለምን? ፍጡራን የተለያየ ዝንባሌ እንዳላቸው አልክድም፤ አንዳንዱ ለጥፋት እጅግ የቀረበ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ምርመራ ይህን ባክቴሪያ ምንም ሌላ ባክቴሪያ በሌለባቸው አይጦች አፍ ውስጥ ብቻውን ሲያስገባው የመንጋጋ አጥንት አልተጎዳም፤ ሌሎች ባክቴሪያዎች ባሉበት ግን ጥቂቱ እንኳን የጎረቤቶቹን ብዛትና ጠባይ ለውጦ አጥንቱን አስጎዳ። ብቻውን ያልጎዳው የዝንባሌውን ጥፋት የሚፈጽመው በሌሎች መካከል ሆኖ ሥርዓቱን ሲያዛባ ነው። ኮሌራም ቢሆን የሚዛመተው የሚጠጣ ውኃና የሰው ዓይነ ምድር በተቀላቀሉበት ነው። ክፋት ጉድለት ነው ማለት ሕመሙ የውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ጨለማ የብርሃን መጉደል ቢሆንም ሰው በጨለማ ገደል ይገባል። መግል የቋጠረ ጥርስ ይታከም፣ መዳን ያልቻለም ይነቀል፤ ኮሌራ የያዘውም በአፋጣኝ ይታከም። ነገር ግን ሥርዓቱ ሳይስተካከል የተነቀለ ጥርስ ቀጣዩን ጥርስ አያድነውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። ባክቴሪያ አይናገርም፣ አይሰማም፣ አይመክርም፤ ሞለኪውል ከሞለኪውል ጋር መግጠሙን ንግግር ማለት ተረት ነው፣ ከተረትም የሥነ ምግባር ትምህርት አይወጣም ይባላል። ዛሬ ጭሮ የምትባለውን አሰበ ተፈሪን በጨርጨር ገዥነታቸው ጊዜ ያቀኑት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት በሚባለው ፋቡላ አውሬዎችን እንደ ሰው አናግረዋል፤ በዚያ መድረክ ላይ ንግግሩ የሰው ነበር፣ አውሬው ጭምብል ነበር። እኔ ግን ባክቴሪያውን መምህር አላደርገውም፤ ከእርሱ ትሕትናን ወይም ኅብረትን እንማር አልልም፤ ጎረቤቱን ገድሎ ዲኤንኤውን ከሚወስድ ፍጡር ምሳሌነት አይፈለግም። ባክቴሪያው ፈቃድ የለውም፤ ክርክሬም የሚቆመው በዚሁ ላይ ነው። ፈቃድ የሌለው ሊወቀስ አይችልም። ወቀሳ ካለ ማረፊያው ሁኔታውን አይቶ መለወጥ የሚችለው ሰው ነው። ስኳሩ ወደ አፍ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚያርፍ ሊወስን የሚችለው እርሱ ብቻ ነው።

ይህ መልስ ሦስተኛውንና ለእኔ ከሁሉ የከበደውን ተቃውሞ ይጠራል። እንግዲያው ጥርሱን የታመመ ሁሉ በራሱ ጥፋት ታመመ ማለት ነው? በምዕራብ ሐረርጌ ሕዝበ ክርስቲያኑም ሕዝበ ሙስሊሙም የኢዮብን፣ የአዩብን፣ ታሪክ ያውቃል፤ የተሠቃየውን ሰው በኃጢአትህ ነው ብሎ መክሰስ ምን ያህል በደል እንደሆነ ከዚያ እንማራለን። ነፍሰ ጡሯ ሆርሞኗን አልመረጠችም። ሕፃኑ ከረሜላውን የተቀበለው ከሚወዱት እጅ ነው። ጫት አምራቹና ነጋዴው ከዚያ ተክል ልጆቹን ያስተምራል፤ የወረዳው ኑሮ በላዩ የቆመበትን ነገር በአንድ ቃል ኃጢአት ብሎ መጣል ቀላልና ኢፍትሐዊ ነው። ኃላፊነት ማለት ግን ሁልጊዜ ወንጀል ማለት አይደለም፤ ማድረግ የሚቻልን ነገር የማድረግ ግዴታም ኃላፊነት ነው። ይህ ደግሞ እንደ አቅም ይከፋፈላል። የቃሚው ድርሻ በስኳሩ ፈንታ ውኃ መያዝ ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ ምን እንደሚሸጥ የሚወስኑ መምህራንና የከተማ አስተዳደር የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ነፍሰ ጡር የምትከታተል አዋላጅ ድዷን እንድትጠይቅ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ስለ ግግ ያለ ፍርሃት እንድትናገር ያስፈልጋል። ታማሚው ከሁሉም የሚያንሰውን ወቀሳ፣ ከሁሉም የሚበልጠውን እርዳታ ሊያገኝ ይገባል።

ሃይማኖቶቻችን ለዚህ ሥራ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ጾም የተሠራው ለጥርስ አይደለም፤ የጾምን ዋጋ በጥርስ ጤና መመዘን ጾሙን ማሳነስ ነው። ነገር ግን ለመብላት ጊዜ አለው፣ ላለመብላትም ጊዜ አለው የሚለው የጾም ትምህርት አፍ ከሚጠይቀው ፋታ ጋር ይስማማል። ይህን ሥርዓት ከጾም ወራት ውጭ ባሉት ቀናትም መያዝ፣ ከአፍጥር ወይም ከፍስክ በኋላም ጣፋጩን ከምግቡ ጋር ጨርሶ ማረፍ ይቻላል። በሲዋክ ጥርስን መፋቅ ከሶላት በፊት የተመከረ ተግባር ነው፤ የወይራ መፋቂያም በክርስቲያኑም በሙስሊሙም እጅ ይገኛል። መፋቂያ ባክቴሪያዎቹን ሁሉ አይገድልም፣ መግደልም የለበትም፤ ሥራው ተጠጋግተው መልእክታቸው የሚጠራቀምበትን ሽፋን መበተን ነው። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ደግሞ የተሟሟውን ማዕድን ለመመለስ ያግዛል፤ በተለይ ምራቅ በሚቀንስበት ሌሊት፣ ከመተኛት በፊት።

ስለዚህ በጭሮና በዙሪያዋ ያሉ ቀሳውስት፣ ሼኮች፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች በአንድ ቃል እንዲያስተምሩ እጠይቃለሁ። በአፋችን የሚኖረውን ፍጡር እግዚአብሔር በከንቱ አልፈጠረውም፤ ከእርሱ ጋር በምን ሁኔታ እንደምንኖር ግን ለእኛ ተሰጥቷል። የሕፃን ድድ በስለት አይነካ፤ ያተኮሰው ልጅ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ጣፋጭ ከምግብ ጋር ይሁን፣ በመካከሉ አፍ ይረፍ። ጥርሱን የታመመም ሰው ሳይወቀስ ይታከም።